በለቅሶ ማስታወቂያ ሥር የተቀመጠ አውራ ጣት «ሰማሁ» ነው ወይስ «ወደድኩ»?

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተዘረጋውን የጥያቄና መልስ ተከታታይ፣ የከፈቱት የአንድ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ዕድሩ 240 አባላት አሉት። ጥሪው ድሮ በጡሩንባ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙት 80 ሰዎች ደግሞ በአጭር መልእክት ይላካል። አንድ አባል ማረፉን በሚገልጽ ማስታወቂያ ሥር 31 አውራ ጣት፣ 6 የሚያለቅስ ፊት፣ 2 ደግሞ በሳቅ ብዛት የሚያነባ ፊት ተደርድሮ ተገኘ። ቤተ ዘመድ ቅር ተሰኝቷል። ደንብ ማውጣት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ምን ተብሎ ይጻፍ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ክሩ 26 መልስ ሰብስቧል። ፍሬ ያለውን ከነተራ ቁጥሩ በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ምልክቶቹን በስማቸው ነው የጠራኋቸው፤ ራሳቸውን ብለጥፍ አሮጌ ስልክ የያዘ አንባቢ ባዶ ሣጥን ነው የሚያየው።

መልስ 1። ትሕትና የተሞላ ነው። ጸሐፊውን አንቱ እያለ፣ አውራ ጣቱን እንደ ስድብ እንዳያዩት ይለምናል። ጡሩንባ ነፊው በሰፈር ሲያልፍ ሰው ከመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ያነሣለት ነበር፤ አሁን ያቺ እጅ ናት ስልክ ላይ የመጣችው ባይ ነው። ሞትን የወደደ የለም፣ ይተዉት ይላል።

መልስ 2። በሐሳቡ ሳትስማማ ምክንያቱን ታስረዳለች። አውራ ጣት የሚያደርጉት በአብዛኛው ፌስቡክን ቀድመው የለመዱ ናቸው። እዚያ እስከ 2016 ፌብሩዋሪ ድረስ ከ«ላይክ» ሌላ የሚነካ ነገር አልነበረም፤ የልብ፣ የሳቅ፣ የመደነቅ፣ የሐዘንና የንዴት ምልክቶች የመጡት ያኔ ነው፣ የመተቃቀፉ ደግሞ በ2020። ለዓመታት ለሠርጉም ለሞቱም ያው አንድ ጣት ነበር። ልማዱ ወደ ቴሌግራም የተሻገረው በ2021 መጨረሻ መልእክት ላይ ምልክት ማስቀመጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ የአክብሮት ጉድለት አይደለም፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

ስለ ሁለቱ ሳቂታ ፊቶች የጻፈችው ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። በሳቅ የሚያነባው ፊትና ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅሰው ፊት ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ሰማያዊ ውሃ አለባቸው። በትንሽ ስክሪን፣ በፀሐይ፣ መነጽር ሳይደረግ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን ከእንባው አትፈልጉ ትላለች፤ አፉን እዩ። የሚስቀው የላይ ጥርሱ በረድፍ ይታያል፣ እንባውም በዓይኑ ጥግና ጥግ ጠብ ያለ ነው። የሚያለቅሰው ጥርስ አይታይበትም፣ እንባው ከዓይኑ እስከ አገጩ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲያለቅሱ ነው የሳቁት ማለቷ ነው። በዚህ እኔም አልጠራጠርም።

መልስ 3። ወሬ የለውም፣ አሠራር ብቻ ነው። አስተዳዳሪው የቡድኑን ስም ይነካል፣ እርሳሷን ይነካል፣ «ሪአክሽን» የሚለው ውስጥ ይገባል። ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ ሁሉም፣ የተወሰኑ፣ ምንም። «የተወሰኑ» የሚለውን መርጦ የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብና ርግብ ብቻ ይተው። ከዚያ በኋላ ሳቂታው ከዝርዝሩ ስለማይኖር ማንም በስሕተት አያስቀምጠውም። አንድ ማሳሰቢያ አክሏል፦ መልእክቱን ሁለቴ ቶሎ መንካት በስልኩ የተመረጠውን ፈጣን ምልክት በራሱ ይለጥፋል። ጽሑፉን ለማጉላት ብለው ሁለቴ የሚነኩ አሉ። ከ31ዱ ጣት ስንቱ እንዲህ እንደመጣ አይታወቅም።

መልስ 4 ጥያቄ ነው፦ ጣቱ ከታገደ ማን እንደሰማ በምን ይታወቃል? ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ «አልሰማሁም» ላለ ሰው ማስረጃው ምንድነው?

መልስ 5። ቴሌግራም ማን እንዳነበበ የሚያሳየው እስከ 100 ሰው በሚደርስ ቡድን ነው፣ ያውም ለ7 ቀን ብቻ። 240 አባል ላለው አይሠራም። መፍትሔው ከማስታወቂያው ሥር ድምፅ መስጫ መለጠፍ ነው፦ «ሰምቻለሁ»፣ «ቀብር እገኛለሁ»፣ «የድንኳን ተረኛ ነኝ»። ብዙ ምርጫ መንካት የሚፈቅደው ይከፈት፣ ስም የሚደብቀው ይዘጋ። ስም መደበቂያው ሳይነኩት ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሳይዘጋ ከተለጠፈ ቁጥር እንጂ ስም አይገኝም፣ ኋላ ማስተካከልም አይቻልም፣ አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ ብቻ ነው።

መልስ 6። እዚህ ክሩ ከቴሌግራም ወጥቶ ወደ አጭር መልእክት ሄደ። ሰውየው በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ይጀምራል፤ ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች ግዕዙን ስለማያነቡ ለአዛውንቶቹ እንዲያ ነው የሚላከው። በላቲን አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በመሐል አንድ ኢሞጂ ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዛወርና መያዣው ወደ 70 ይወርዳል፤ ከ70 ሲያልፍ ደግሞ ማያያዣው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። 150 ፊደል የሆነ ማስታወቂያ መጨረሻው ላይ የተጣመሩ እጆች ቢጨመሩበት 152 ይሆናል፣ ለ67 ሲካፈል ሦስት ቁራጭ። ለ80 ሰው 80 ይከፈል የነበረው 240 ይከፈላል። ተቀባዩ ደግሞ በባለ ቁልፍ ስልኩ የሚያየው እጅ ሳይሆን ሣጥን ነው። በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ከመጀመሪያውም መያዣው 70 ስለሆነ ዋጋው በድንገት አይዘልም፤ ኢሞጂው የሁለት ፊደል ቦታ ይወስዳል፣ በቃ።

መልስ 7። መልስ 6ን በጨዋ ደንብ ያርማል። ሁሉም ኢሞጂ ሁለት አይቆጠርም። የተጣመሩ እጆች በቢጫው 2፣ የቆዳ ቀለም ከተመረጠላቸው 4። የአገር ባንዲራ 4። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ያሉበት ቤተሰብ 11፤ አራት ሰው ለየብቻ ሁለት ሁለት፣ በመሐላቸው ሦስት የማይታዩ ማጣበቂያዎች። ስለዚህ በግዕዝ 66 ፊደል ጽፎ ጠይም እጆች የጨመረ በአንድ መልእክት ያልፋል፤ 67 የጻፈ ሁለት ይከፍላል። የቆዳ ቀለሞቹ በ2015 የገቡ አምስት ናቸው። የተወሰዱት የቆዳ ሐኪሞች ፀሐይን ለመቋቋም አቅም ከሚለኩበት ባለ ስድስት እርከን መለኪያ ሲሆን፣ ሁለቱ ነጣ ያሉት ተጠቃለው አንድ ሆነዋል። አሮጌ ስልክ ቀለሙን ከእጁ ጋር ማጣበቅ ካልቻለ ቢጫ እጅና ከጎኑ ቡናማ ካሬ ለየብቻ ያሳያል። መልስ 6 የጻፈውም እርማቱን ተቀብሎ አመስግኗል። በዚህ ክር የመጨረሻው ምስጋና ነው።

መልስ 8 በቃሉ ላይ ጥያቄ አነሣ፦ ለምን «ኢሞጂ» እንላለን፣ «ስሜት ገላጭ ምስል» የሚል አማርኛ እያለን? መልስ 9 ትርጉሙ ከሥሩ ስሕተት ነው አለ። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል። ስሜት ማለት ከሆነው «ኢሞሽን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር መመሳሰሉ ድንገት ነው። ደግሞስ ኤሊ፣ ጃንጥላና የነዳጅ ማደያ ምን ስሜት ይገልጻሉ? «ሥዕል ፊደል» ቢባል ይቀርባል አለና፣ የመጀመሪያዎቹን የሠራው ሺጌታካ ኩሪታ በ1999 ለጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ለዶኮሞ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 10 ይህችኑ መጨረሻ ያዘ። ኩሪታ የሠራቸው 176 ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸው 12 በ12 ነጥብ፣ ዝነኞቹ ናቸው፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2016 ስብስቡ ውስጥ አስገብቷቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ግን አይደሉም። ጄ ፎን የተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ በ1997 ባወጣው ስልክ ላይ 90 ምልክት ነበረው። እርማቱ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረደው እዚህ ላይ ነው፣ ከዚህ በኋላም አልተመለሰም።

መልስ 11። ሰምና ወርቅን የሚያነሣ ሰው ሊመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ መጣ። ቅኔ ያለው ሕዝብ ፊት እየሣለ መናገር አያስፈልገውም ይላል። መልስ 12 በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፦ ቅኔ የሚቀርበው በአካል፣ በዜማ፣ በሰው ፊት ነው፤ ስኮት ፋልማን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ኮለን፣ ሰረዝና ቅንፍ ደርድሮ የሚስቅ ፊት እንዲጠቀሙ ሐሳብ ያቀረበው ድምፅ በሌለበት ሰሌዳ ላይ ቀልዱ ከቁም ነገሩ ስላልተለየ ነው።

መልስ 13። ከዚሁ ተነሥታ ለእኛ ብቻ የሚሠራ አንድ ነገር አመጣች። በግዕዝ ኪቦርድ ላይ ሆኖ ያቺን የፋልማን ፊት የሞከረ ሰው ፡-) ብላ ቁጭ ስትል ያያታል፣ ወደ ቢጫ ፊት አትለወጥም። ምክንያቱም ብዙዎቹ የግዕዝ ኪቦርዶች የኮለኑን ቁልፍ ወደ ሁለት ነጥብ ይለውጡታል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን የእኛው ሁለት ነጥብ 1361 የሚል የራሱ ቁጥር ያለው የቃል መለያ ነው፣ መተግበሪያው የሚፈልገውም እሱን አይደለም። ሁለቴ ሲመቱት ደግሞ አራት ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ወይ ለአንድ ፊት ሲባል ወደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ መመላለስ፣ ወይ ከኢሞጂው ቁልፍ መምረጥ።

በዚያው ሳትወጣ የውጭ ሰዎች ፊደላችንን እንዴት እንደሚጫወቱበት ታነሣለች። ስም ማሳመሪያ ድረ ገጾች ላቲኑን በቅርጹ ለሚመስለው ግዕዝ ይለውጡታል፤ ኤን ክ ይሆናል፣ ቲ ፕ፣ ኦ ዐ፣ ኢ ደግሞ ቿ። አማርኛ አንባቢ ሲያየው «ቿጠዐጋጎ» የሚል ቃል ይሆንበታል፤ ኢሞጂ ለማለት ነው። ከጉዳዩ የራቀ ነው፣ ግን ደስ ይላል።

መልስ 14 ስለ ባንዲራ ጠየቀ፦ በኮምፒውተሩ የኢትዮጵያ ባንዲራ ሁለት ላቲን ፊደል ሆኖ የሚታየው ለምንድነው? መልስ 15 እንዲህ ይላል። የባንዲራ ኢሞጂ ሥዕል አይደለም፤ የአገሩን ኮድ የሚሠሩ ሁለት ልዩ ፊደላት ናቸው፣ ሥዕሉን የሚስለው መሣሪያው ነው። ዊንዶውስ የአገር ባንዲራ ስለማይስል ፊደሎቹን እንዳሉ ያወጣቸዋል። ስልክ የሚስለው ደግሞ መሐሉ ላይ ኮከብ ያለበትን ነው። ልሙጡን የሚፈልግ ሰው ለዚህ ነው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ልብ የሚደረድረው። የሦስቱ ልቦች ዕድሜ ግን አንድ አይደለም። አረንጓዴውና ቢጫው በ2010 ከኢሞጂዎቹ ጋር የገቡ ናቸው፤ ቀዩ በ1993 ዩኒኮድ ውስጥ የነበረ የኅትመት ጌጥ ነው፣ ስሙም «ከባድ ጥቁር ልብ» ነው፣ ጥቁር ያሉት ውስጡ የተሞላ ለማለት። ቀይ የሚያደርገው ከኋላው የሚከተል የማይታይ ምልክት ነው። ያ ምልክት በኮፒ ወይም በማጣሪያ ከወደቀ ሦስተኛው ልብ በአንዳንድ ስክሪን ጠቁሮ ይወጣል።

መልስ 16 ይህን ማብራሪያ ጨርሶ ያነበበ አይመስልም። ባንዲራውን ያጠቆረ ሁሉ ሆን ብሎ ነው ብሎ ተነሣ፣ መልስ 15ንም በወገንተኝነት ከሰሰ። መልስ 17 የለም፤ አወያዩ አንሥቶታል፣ ምን ይል እንደነበር ግን ከመልስ 18 መገመት አያዳግትም። አወያዩ በ18 ያስጠነቀቀው ባንዲራ የሚያነሣ ሌላ ክር እንዲከፍት፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዳይጣላ ነው።

መልስ 19። ከጠቡ በኋላ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው። የዕድሩን ማስታወቂያ ከቴሌግራም ገልብጦ ድረ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ሁሉ ይህን ያንብብ ይላል። ማይኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የቆየው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ፣ «ዩቲኤፍ8»፣ ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። ግዕዝ በልክ 3 ነው፣ ይገባል። አብዛኛው ኢሞጂ ግን 4 ነው። ጥብቅ አሠራሩ ከተከፈተ ሙሉ መልእክቱ በስሕተት ይመለሳል፤ ከተዘጋ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኢሞጂው ካለበት ጀምሮ ያለውን ቆርጦ ሌላውን በዝምታ ያስገባል። ለዚህ ነው ሥራው በአማርኛ ሲፈተን ደህና ሆኖ አንድ ቀን የሚበላሸው። አሁን የለቅሶ ማስታወቂያ ሻማ ከፊት አስቀድሞ መጻፍ ተለምዷል፤ ሻማው 4 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ፊደል ነው፣ ስለዚህ የሚገባው ባዶ ገጽ ነው። የሟች ስም እንኳ አይተርፍም።

ጥገናው፦ መጀመሪያ ሙሉ ግልባጭ ይወሰድ። ሰንጠረዦቹ ከነዓምዶቻቸው ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይለወጡ። ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትም እንዲሁ ይለወጥ፤ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው፣ ሰንጠረዡን አስተካክሎ አሁንም የጥያቄ ምልክት የሚያየው ለዚህ ነው። በቆየ ስሪት ላይ 255 ፊደል የያዘ ዓምድ ማውጫ ካለው እምቢ ይላል፤ ማውጫው 767 ባይት ብቻ ነው የሚችለው፣ በ4 ሲካፈል 191፣ ማውጫው ወደዚያ ይጠር። ከስሪት 8 ወዲህ አዲስ ዳታቤዝ ሲከፈት ከመጀመሪያውም አራቱን ባይት ይቀበላል። የተቆረጠው ግን ተቆርጧል፣ ከቴሌግራሙ ዳግም መቅዳት ብቻ ነው።

መልስ 20። ሻማውን ከፊት ማድረግ ሌላም ጉዳት አለው ትላለች። ዓይነ ስውር አባል ስልኩ ጽሑፉን ሲያነብለት እያንዳንዱን ኢሞጂ በስሙ ይጠራል። አምስት ሻማ ከተደረደረ አምስቴ «ሻማ» ሰምቶ ነው ወደ ሟች ስም የሚደርሰው። በቃላት መሐል የተሰካ ምልክት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ይሰብራል። አንድ ብቻ፣ ከአራት ነጥብ በኋላ። የመልስ 13ን ቿጠዐጋጎ ስልኩ እንዴት እንደሚያነበው አስቡት ብላ አለፈች።

መልስ 21። ዕድሩ የክርስቲያንም የሙስሊምም ነው፤ ይህን ማንም ሳያነሣ ሃያ መልስ መቆጠሩ ያስገርማል ይላል፣ እውነቱን ነው። ሻማ ለሁሉም አይደለም። የተጣመሩ እጆችም በጃፓን ምስጋናና ልመና ናቸው፣ እኛ ዘንድ ለጸሎትም፣ ለይቅርታም፣ ለ«እባክህ ስልክ ደውል»ም ይውላሉ፤ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ግን መዳፉን ወደ ላይ ነው የሚዘረጋው። ለዚያ የሚሆን፣ ጎን ለጎን የተከፈቱ መዳፎች፣ በ2017 የገባ ኢሞጂ አለ። ዕድሩ በራሱ ስም በሚያወጣው ማስታወቂያ ግን ሁለቱንም ቢተዋቸው ይሻላል። ሐዘንተኛው እንደ እምነቱ በቃል ይጽናና፦ ነፍስ ይማር ያለ ነፍስ ይማር ይበል፣ ኢና ሊላሂ ያለም እንዲሁ። መልስ 3 የመረጣቸውን የሚያለቅሰውን ፊትና የተሰበረውን ልብ ግን ይቀበላል።

መልስ 22። የሌላ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። የለቅሶውን ትተው የመዋጮውን ያዙ፦ «በዚህ ወር ተጨማሪ 200 ብር» ተብሎ ሲለጠፍ አውራ ጣት ያደረገ ሁሉ እከፍላለሁ ብሏል ተብሎ ይያዛል ወይ?

መልስ 23። የፍርድ ቤት ሰው ሳይሆን አይቀርም። ካናዳ ሳስካችዋን ውስጥ በ2021 አንድ እህል ገዢ የተልባ ውል ፎቶ በስልክ ልኮ አረጋግጥልኝ አለ፤ ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። ተልባው አልመጣም። ገበሬው «ደርሶኛል» ለማለት ነው አለ፣ ልክ የእኛ አባላት «ሰምቻለሁ» እንደሚሉት። በ2023 ዳኛው ውል ነው ብሎ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ አስከፈለው። ያሸነፈው ጣቱ ብቻውን አይደለም ይላል፤ ከዚያ በፊት ሁለቱ በነበራቸው ውል ገበሬው «እሺ» የሚል ያህል አጭር መልስ እየላከ ያስረክብ ስለነበር ነው። እስራኤል ሄርዝሊያ ውስጥ ደግሞ ተከራይ ነን ያሉ ሰዎች የሻምፓኝ ጠርሙስ፣ ጨፋሪዎችና ሽኮኮ ልከው ጠፉ። ፍርድ ቤቱ በ2017 ውል አልተፈጸመም፣ ግን አከራዩን በቅን ልቦና አላስተናገዱም፣ ማስታወቂያውን እስኪያነሣ አታለዋል ብሎ 8,000 ሰቅል ፈረደ። እኛም አገር በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው) መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ ጣት በዚያ ቡድን ምን እንደሆነ በመተዳደሪያው ይጻፍ፣ ካልተጻፈ ልማዱ ይፈርዳል።

መልስ 24። ጠያቂው ጸሐፊ ተመልሰው ረቂቃቸውን ለጠፉ። በማስታወቂያ ሥር ሦስት ምልክት ብቻ ክፍት ይሆናል። መስማትና መገኘት ስም በሚታይ ድምፅ መስጫ ይረጋገጣል። ማስታወቂያው በሟች ስም ይጀምራል፣ ከፊቱ ምንም ምልክት አይገባም። በአጭር መልእክት ኢሞጂ አይላክም፤ በላቲን ከ160፣ በግዕዝ ከ70 አይበልጥም። መዋጮ በአውራ ጣት አይጸድቅም። ሳቂታ ፊት ያስቀመጡትን ሁለት አባላት መቅጣት ግን ከረቂቁ ወጥቷል፤ መልስ 2ን አንብበው ይመስለኛል።

መልስ 25 ስቲከሩስ አለ፤ የሚወዛወዝ ጽጌረዳና የሚበር መልአክ ከማስታወቂያው በላይ ቦታ ይይዛል። መልስ 26 መዝጊያውን አሳየው፦ ያቺው እርሳስ፣ ከዚያ «ፐርሚሽን»፣ ከዚያ ስቲከርና ተንቀሳቃሽ ምስል የሚለውን ማጥፋት። ክልከላው ተራውን አባል እንጂ አስተዳዳሪን አይዝም። በየማታው «ደህና እደሩ» የሚል የሚያብለጨልጭ አበባ የሚልኩት ደግሞ የኮሚቴው ሰዎች ናቸው።